የነገሥታቱ ዘመን ሲደመር ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባለፈው እሑድ በሰንበቴያችን ላይ ስለ ይሁዳና ስለ እስራኤል ነገሥታት ክርክር ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ቤቴ ስገባ በልጄ ደብተር ላይ በግራ የይሁዳን፣ በቀኝ የእስራኤልን ነገሥታት ዘመን እየለቀምሁ ጻፍሁ። ኋላ በእስራኤል ላይ የነገሠው ኢዩ የሁለቱን አገር ነገሥታት በአንድ ጊዜ ስለ ገደለ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሰማርያም የተያዘችው በሕዝቅያስ 6ኛ፣ በሆሴዕ 9ኛ ዓመት ስለሆነ መድረሻቸውም አንድ ነው። ድምሩ ግን ለይሁዳ 165 ዓመት፣ ለእስራኤል 143 ዓመት ከ7 ወር መጣልኝ። ከ21 ዓመት በላይ የሚሆነው ልዩነት ከየት መጣ? ደግሞስ ማቴዎስ «ኢዮራም ዖዝያንን ወለደ» ሲል በመካከል ያሉትን ሦስት ነገሥታት ስለምን ተዋቸው?
አንባቢያችሁ ከብቸና

መልስ፦ ድምርዎን እኛም ደግመን ሠርተነዋል፤ አልተሳሳቱም። ንግሥት ጎቶልያ 6፣ ኢዮአስ 40፣ አሜስያስ 29፣ ዓዛርያስ 52፣ ኢዮአታም 16፣ አካዝ 16፣ ከሕዝቅያስ ዘመን ደግሞ 6 ዓመት ሲጨመር 165 ይሞላል። ሆኖም ነገሩ እርስዎ ከጠየቁትም የባሰ ነው፤ የአሦር መዛግብት ሲታዩ ሁለቱም ድምሮች የበዙ ሆነው ይገኛሉና። በኒምሩድ ተቈፍሮ የወጣውና ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም የቆመው ጥቁር ሐውልት፣ ኢዩ ለአሦር ንጉሥ ለሣልሳዊ ስልምናሶር ያስገባውን ግብር በሥዕልና በጽሕፈት ያሳያል፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት 841 ነው። ሰማርያ የወደቀችው በ722 ገደማ ስለሆነ በመካከሉ ያለው 120 ዓመት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከእስራኤል በኩል የጎደለ ዓመት ከመፈለግ ይልቅ በሁለቱም በኩል ሁለት ጊዜ የተቈጠረውን መፈለግ ይሻላል።

ይህንንም ራሱ መጽሐፉ ይጠቁማል። ዓዛርያስ ለምጽ ወጥቶበት በተለየ ቤት ሲቀመጥ ልጁ ኢዮአታም የንጉሡን ቤት ይዞ ለሕዝቡ ይፈርድ እንደ ነበር በ2ኛ ነገሥት 15፥5 ተጽፏል። አባት በሕይወት ስላለ ዘመኑ መቈጠሩን አላቆመም፤ ልጅም በተግባር የሚገዛው እርሱ ስለሆነ ለእርሱም ተቈጠረለት። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጣትዎን አሳርፈው ወደ ታች ይውረዱ፤ ቍጥር 30 ሆሴዕ የእስራኤልን ንጉሥ ፋቁሔን የገደለው በኢዮአታም 20ኛ ዓመት ነው ይልዎታል፤ ቍጥር 33 ደግሞ ኢዮአታም የነገሠው 16 ዓመት ነው ይላል። ጸሐፊው ሳያስተውል ያለፈው ነገር አይመስለንም። መነሻቸው የተለያየ ሁለት ቈጠራዎች ደርሰውት፣ አንዱን በሌላው ሳያርም ሁለቱንም እንዳገኛቸው ያኖራቸው ይመስላል፤ እኛም ቢያርማቸው ኖሮ ይህን ያህል ባላወቅን ነበር እንላለን።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በጎጃም ላይ ሲነግሡ ዐፄ ዮሐንስ በዙፋናቸው ነበሩ። ከዚህ ይልቅ ለጥያቄዎ የሚቀርበው የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ንግሥቲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ከ13 ዓመት በላይ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የሆኑትም በዚያው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘመን እስከ 1967 ዓ.ም. አንዱ ከእንደራሴነታቸው ጀምሮ 58፣ ሌላው ከዘውዳቸው ጀምሮ 44 ቢል ሁለቱም ያውቃሉ። 58ቱን ይዞ የንግሥቲቱን 13 የሚደምርበት ሰው ግን በ58 ዓመት ውስጥ 71 ዓመት ያገኛል። በደብተርዎ ግራ ገጽ ላይ የሆነው ይህ ነው።

በቀኙ ገጽ ደግሞ የፋቁሔ 20 ዓመት አስቸጋሪ ነው። የእስራኤል ንጉሥ ምናሔም ለአሦሩ ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር የገበረው በ738 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ሰማርያ ውድቀት ባለው 16 ዓመት ውስጥ የፋቂስያስ 2፣ የፋቁሔ 20 እና የሆሴዕ 9 ዓመት በምንም መንገድ አይገቡም። ፋቁሔ ፋቂስያስን ሲገድል 50 የገለዓድ ሰዎች ከእርሱ ጋር እንደ ነበሩ ስለ ተጻፈ፣ ብዙ ሊቃውንት ቀደም ብሎ በዮርዳኖስ ማዶ ሸፍቶ ይገዛ ነበር፣ 20ውም ከሽፍትነቱ ጀምሮ የተቈጠረ ነው ይላሉ፤ እኛም ይህ ያስኬዳል ብለን እንቀበለዋለን። በዚህ ላይ ንጉሥ በዓመት አጋማሽ ሲለወጥ ያንን ዓመት ለሟቹም ለተተኪውም የሚቈጥር ልማድ ስለ ነበረ፣ በየንግሥናው አንዳንድ ዓመት ይደራረባል።

ወደ ማቴዎስ እንምጣ። የተዘለሉት አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ ናቸው። ከጥንት አባቶች መካከል፣ ሦስቱ በጎቶልያ በኩል ከአክዓብ ቤት ስለ ተወለዱ ኃጢአቱ እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ታስቦባቸው ተተዉ ብለው የተረጐሙ አሉ። ወንጌላዊው ራሱ ደግሞ ትውልዱን በ14፣ በ14፣ በ14 እንደ ከፈለ በ1፥17 ይናገራል፤ በዕብራይስጥ የዳዊት ስም ፊደላት 4፣ 6 እና 4 ሆነው 14 ስለሚሞሉ ቍጥሩ ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ከሁለቱ በፊት ግን «ወለደ» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላት ምን ያህል እንደሚሰፉ ማየት ያሻል። ኢዩ በ2ኛ ነገሥት 9፥2 የናሜሲ ልጅ የኢዮሣፍጥ ልጅ ተብሎ ሲጠራ፣ በዚያው ምዕራፍ ቍጥር 20 ላይ አባቱ ተዘልሎ የናሜሲ ልጅ ይባላል። ጥቁሩ ሐውልትማ የአክዓብ አባት የሆነው የዘንበሪ ልጅ ይለዋል፤ የዘንበሪን ቤት ያጠፋው ራሱ ኢዩ ሆኖ ሳለ!

የጎጃም ሽማግሌ ርስት ሲጠይቅ እንዴት ይቈጥር እንደ ነበር አባትዎን ወይም አያትዎን ቢጠይቁ ነገሩ ይቀልልዎታል። ባለርስቱ ከራሱ ተነሥቶ በእናትም በአባትም በኩል እየወጣ ምንዝር አባቱን ይነካል፤ ከዚያም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት ላይ ይደርሳል። በዳኛ ፊት ክብደት የነበረው ከዋና አባቱ መድረሱ ነው። ማቴዎስም ገና በመጀመሪያው ቍጥር «የዳዊት ልጅ፣ የአብርሃም ልጅ» ሲል ዋና አባቶቹን አስቀድሞ ጠርቷል።

ሦስቱን በተራቸው ለማግኘት 1ኛ ዜና መዋዕል 3፥11-12ን ይመልከቱ፤ ዖዝያን በዚያ ዓዛርያስ ተብሎ ስለ ተጻፈ ሌላ ሰው መስሎ እንዳያሳስትዎ።