የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞተርሆማችንን ከሌባ ለመጠበቅ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። እኔና ባለቤቴ በቅርቡ መኝታና ማብሰያ ያለው ያገለገለ ሞተርሆም ገዝተናል። በፊያት ዱካቶ ሻንሲ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ቁልፍ በቀር ምንም ዓይነት መከላከያ የለውም። የሸጠልን ሰው አላርም እንድናስገጥም መከረን፤ አንድ ወዳጃችን ደግሞ ከሁሉ በፊት የጂፒኤስ መከታተያ ግዙ ይለናል። ባለቤቴን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌቦች ሰው በተኛበት በመስኮት ማደንዘዣ ጋዝ እየነፉ ይዘርፋሉ የሚለው ወሬ ነው። ገንዘባችን ለሁሉም ስለማይበቃ የትኛውን እናስቀድም?

መልስ፦

በሮቹንና መስኮቶቹን ያስቀድሙ። አላርም የሚጮኸው ሌባው መነካካት ከጀመረ በኋላ ነው፤ መከታተያም የሚያገለግለው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ሁለቱም ጥቅም ቢኖራቸውም፣ በደቂቃ ውስጥ የሚፈለቀቅ በር ላለው መኪና የመጀመሪያ ወጪ ሊሆኑ አይገባም።

ወጪ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። መኪናውን ቆልፈው በዙሪያው ቀስ ብለው ይራመዱና፣ ቁልፉን ውስጥ ረስተውት ቢሆን ኖሮ በየት በኩል ለመግባት እንደሚሞክሩ ራስዎን ይጠይቁ። ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው በመኖሪያው ክፍል መስኮቶች ላይ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ በአብዛኛው መስታወት ሳይሆኑ ከላይ የተንጠለጠሉና ከታች በትንንሽ መቀርቀሪያዎች የሚያዙ ድርብ ፕላስቲኮች ስለሆኑ፣ ወፍራም ካቻቢቴ የያዘ ሰው ብዙ አይደክምባቸውም። ብዙዎቹ መቀርቀሪያዎች ሁለት እርከን አላቸው፤ አንደኛው መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ፣ ሌላው ለአየር ተብሎ ጣት የማታስገባ ክፍተት ይተዋል። ከሩቅ ሲያዩት የተዘጋ የሚመስለው ይህ ሁለተኛው እርከን ለካቻቢቴ ግን በቂ መግቢያ ነውና፣ መኪናውን ጥለው ሲሄዱ እያንዳንዱን መስኮት በእጅዎ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ። የመኪናውን ቁልፍ በበሩ አጠገብ በሚገኝ መስቀያ ላይ የማንጠልጠል ልማድ ካለም ዛሬውኑ ይተዉት፤ በመስኮት እጁን ላስገባ ሰው ሙሉ መኪና ማስረከብ ነው።

ቀጥሎ የጋቢና በሮች አሉ። በዱካቶና በመሰሎቹ ሌቦች ከእጀታው አጠገብ ላሜራውን በስተው የመቆለፊያውን አሠራር ከውስጥ የሚያንቀሳቅሱበት ዘዴ የታወቀ ነው። ለዚህ ሲባል የሚሸጥ፣ ከእጀታው ሥር የሚገጠም የብረት ሽፋን አለ፤ ከፋብሪካው መቆለፊያ ጋር ሳይገናኝ ራሱን ችሎ የሚቆለፍ ተጨማሪ ቁልፍ ካስገጠሙበት ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። የመኖሪያው በርም በአንድ ምላስ ብቻ የሚያዝ ከሆነ እንዲሁ ሁለተኛ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊት ስትተኙ ሁለቱን የጋቢና በሮች ከውስጥ የሚያያይዝ ጠፍር ወይም ሰንሰለት ርካሽና ጠንካራ መፍትሔ ነው፤ ይሁንና በጨለማ፣ ቁልፍ ሳይፈለግ፣ በአንድ እጅ የሚፈታ መሆን አለበት። ማብሰያና የጋዝ ሲሊንደር ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት ቢነሳ በራሳችሁ መቆለፊያ ታስራችሁ መቅረት ከስርቆቱ የከፋ ነው።

መኪናው ራሱ እንዳይነዳ ለማድረግ፣ ከውጭ በግልጽ የሚታይ የመሪ ወይም የፔዳል መቆለፊያ ያስፈልግዎታል። አንዳንዶች ያረጀ ዘዴ ነው ብለው ይንቁታል፤ እኔ ግን አልስማማም። በዳሽቦርዱ ሥር ባለው የኦቢዲ መሰኪያ (መካኒኮች የመኪናውን ኮምፒዩተር ለመመርመር መሣሪያ የሚሰኩበት) በኩል አዲስ ቁልፍ ለመኪናው የሚያስተዋውቅ ሌባ ኮምፒዩተሩን ቢያታልልም፣ ብረቱን ለመቁረጥ ጊዜ ማጥፋቱ፣ ድምፅም ማሰማቱ አይቀርም። መኪናዎ ያገለገለ ስለሆነ፣ ከቀድሞው ባለቤት እጅ የቀሩ ቁልፎች ካሉ ከመኪናው ኮምፒዩተር እንዲሰረዙ ያድርጉ።

ገንዘብ ከተረፈ መከታተያውን ይግዙ፤ ግን የራሱ ባትሪ ያለውና በቀላሉ በማይገመት ቦታ የሚደበቅ ይሁን። አላርም የምታስገጥሙ ከሆነ፣ እንቅስቃሴ የሚያየው የውስጥ ሴንሰር እናንተ ስትተኙ ጠፍቶ በበርና በመስኮት ላይ ያሉት ብቻ የሚሠሩበት አማራጭ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያለዚያ መጀመሪያ የሚያስጮኸው ሌሊት ውኃ ሊጠጣ የተነሳ ሰው ይሆናል። መኪናው ለወራት ሲቆም ደግሞ ሁለቱም ባትሪ ይመጠምጣሉና፣ በሶላር ወይም በቻርጀር ካልታገዙ በሚያስፈልጉበት ቀን ሞተው ይገኛሉ።

ወደ ጋዙ ስመለስ፣ ባለቤትዎ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ማጣት የለባቸውም። የብሪታንያ የማደንዘዣ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ጉዳዩን ተጠይቆ፣ ኤተርም ሆነ ሌሎቹን ማደንዘዣዎች በመስኮት ነፍቶ የተኛን ሰው ሳያውቅ ራሱን ማሳት እንደማይቻል አስታውቋል። ኤተር የሚሰነፍጥ ሽታ ስላለው የተኛውን እያሳለ ይቀሰቅሰዋል፤ በዚያ ላይ ተቀጣጣይ ነው። በሆስፒታል እንኳ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ መጠኑን እየተከታተለ የሚሰጥ ነገር፣ ስፋቱ በማይታወቅና አየር በየቀዳዳው በሚወጣበት ክፍል ውስጥ በደመ ነፍስ ተነፍቶ አንዱን አስተኝቶ ሌላውን ሳይገድል ይሳካል ማለት ዘበት ነው። ዝርፊያው ራሱ ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው በር ሲከፈት አለመስማቱ አያስደንቅም። ስለዚህ «የማደንዘዣ ጋዝ ጠቋሚ» ተብሎ ለሚሸጠው ዕቃ አንዲት ሳንቲም አያውጡ። በምትኩ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ይግጠሙ፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ምንጩም ሌባ ሳይሆን የገዛ ማሞቂያችሁና ማብሰያችሁ ነው።

በመጨረሻም፣ ሊብሬውንና ትርፍ ቁልፉን መኪናው ውስጥ አታስቀምጡ። 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር፣ እንዲሁም መኪናውን ከሌሎች የሚለዩትን ጭረቶችና የተጠገኑ ቦታዎች ፎቶግራፍ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ መኪናው ቢጠፋ ፖሊስም ሆነ የመድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።