የአጥንት ምርመራ ውጤት ለምትጠብቁ፦ ጥያቄና መልስ

እኛ ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሰሞኑን ስለ አጥንት መሳሳት የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ እድር ላይ፣ ደረጃ ስወጣ ሳይቀር። ዴክሳ የሚባለው የአጥንት መለኪያ ማሽን ክፍል ስለምሠራ ነው። ከቱሉ ዲምቱም፣ ከጀሞም፣ ከለገጣፎም የላካችሁትን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ። ቀድሜ ልናገር፣ ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት አላዝም፣ አላስቆምምም። ማሽኑ ምን እንደሚለካ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሚል፣ እስከ ቀጠሯችሁ ድረስ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ስለ ምን ብታስቡ እንደሚሻል ግን መናገር እችላለሁ።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው። ዴክሳ ተነሥቼ ነበር፤ ዶክተሯ የለችም ተብሎ ቀጠሮዬ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተገፋ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። መጥፎ ነገር አይተው ደብቀውኝ ይሆን? ካንሰር ቢሆንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንም የደበቀሽ ነገር የለም። ማሽኑ ቁጥሩን እዚያው ያወጣዋል። የሚዘገየው ቁጥሩን አይቶ፣ ዕድሜሽንና የምትወስጂውን መድኃኒት አገናዝቦ የሚጽፍልሽ ሰው ነው። ዴክሳ ደግሞ ለካንሰር ፍለጋ የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም፤ አጥንትሽ ውስጥ ምን ያህል ማዕድን እንዳለ ነው የሚለካው። አጥንት የሚሳሳው በዓመታት ነው። ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ፈጠን ይላል እንጂ በሳምንት የሚመጣ ለውጥ የለም። ቀጠሮ መገፋቱ ያናድዳል፣ ልክ ነሽ። አጥንትሽ ላይ ግን የሚጨምረው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን ቀድሜ ተቀበልኩ። ቲ ስኮር ማይነስ 1.8 ይላል፣ ሥዕሉም ቢጫው ላይ ነው። አለቀልኝ?

መልስ፦ ኧረ አላለቀልሽም! ወረቀቱን አውጪውና አብረን እንየው። ከላይ ግራጫ የሆነች የዳሌሽ ወይም የወገብሽ ምስል አለች። ጎኗ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መደብ አለ፤ በላዩ ላይ አንዲት ነጥብ ተቀምጣለች። ብዙ ሰው ያቺን ነጥብ ብቻ አይቶ ነው ኮሪደር ላይ ማልቀስ የሚጀምረው። ከታች ሠንጠረዥ አለ፤ ቲ ስኮር የሚባለው እዚያ ነው።

ቲ ስኮር አጥንትሽን ጤነኛ ከሆነ ወጣት ሰው አጥንት ጋር ነው የሚያነጻጽረው። ማይነስ 1 እና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው። በማይነስ 1 እና በማይነስ 2.5 መካከል ያለው ኦስቲዮፔኒያ ይባላል፤ አጥንቱ ቀነስ ብሏል ማለት ነው፣ በሽታው ላይ ግን አልደረሰም። ማይነስ 2.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ነው የአጥንት መሳሳት የሚባለው። ይህን መስመር በ1994 ያወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ስለዚህ ያንቺ 1.8 መሐል ላይ ነው።

ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፣ ይሄን ያዢልኝ። ማይነስ 1.8 ሆና አጥንቷ የሚሰበር ሴት አለች፤ ማይነስ 2.7 ሆና አንድም ቀን ሳትሰበር የምትኖር አለች። ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ሌላ ብዙ ነገር ነው፤ ከ50 ዓመትሽ በኋላ በቀላል ውድቀት ተሰብረሽ ታውቂ እንደሆነ፣ እናትሽ ወይም አባትሽ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ከ45 ዓመት በፊት አርጠሽ እንደሆነ፣ በጣም ቀጭን መሆንሽን፣ ሲጋራና መጠጥ። ሌላም አለ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ወገቡ ላይ የመገጣጠሚያ ችግር ካለው የወገቡ ቁጥር ከእውነታው የተሻለ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የዳሌውንም ቁጥር ተመልከቺ።

ጥያቄ፦ እኔ 31 ዓመቴ ነው፤ የእኔ ላይ ዜድ ስኮር ነው ያሉኝ። ልዩነቱ ምንድነው?

መልስ፦ ዜድ ስኮር ከእኩዮችሽ ጋር ነው የሚያነጻጽርሽ። ላላረጡ ሴቶችና ከ50 ዓመት በታች ለሆኑ ወንዶች የሚታየው እሱ ነው። ማይነስ 2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከዕድሜሽ አንጻር ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ምክንያቱ ይፈለጋል። በየ3 ወሩ የሚወጋውን የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ዴፖ፣ ለዓመታት ወስደሽ ከሆነ ንገሪያቸው። እሱ አጥንትን ትንሽ ይቀንሳል፤ ሲቆም ደግሞ በአብዛኛው ይመለሳል። ይህን አንብበሽ ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ እርግዝና ይመጣል!

ጥያቄ፦ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንኳኳል፣ ሌሊት ይቆረጥመኛል። የምኖረው 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። የአጥንት መሳሳት መሆኑ ነው አይደል?

መልስ፦ እትዬ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነው። የሚንኳኳና የሚቆረጥም ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ችግር ነው፤ ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ ሕክምና አለው። የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ አያምም። ክፋቱም እሱ ነው፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እርስዎ ሊያስተውሉት የሚገባው ሌላ ነው። ድሮ በልክዎ የተሰፋ ቀሚስ አሁን መሬት መጎተት ከጀመረ፣ ከወጣትነትዎ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካጠሩ፣ ጀርባዎ እየጎበጠ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ነገር አንሥተው ድንገት ጀርባዎን ውጋት ከያዘዎትና አልለቅ ካለ፣ የጀርባ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና ይታዩ። ብዙዎቹ የጀርባ አጥንት ስብራቶች ሳይታወቁ ነው የሚያልፉት፤ «ወገቤን ብርድ መታኝ» እየተባለ።

ጥያቄ፦ ራጅ ተነሥቼ «አጥንትሽ ሳስቷል» ተባልኩ። ዴክሳ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ራጅ መሳሳትን የሚያሳየው ብዙ ከጠፋ በኋላ ነው፤ በግምት ከመቶ 30 ገደማ ሲቀንስ። ስብራት ለማየት ጎበዝ ነው፤ መጠን ለመለካት ግን አይሆንም። ስለዚህ ዴክሳውን ተነሺ።

ጥያቄ፦ የዴክሳው ጨረርስ?

መልስ፦ በጣም ትንሽ ነው፣ ከደረት ራጅ ያንሳል። 15 ደቂቃ ገደማ ጋደም ማለት ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ንገሪያቸው። የካልሲየም ክኒን ምርመራው 24 ሰዓት ሲቀረው አቁሚ። ብረት ያለው ቀበቶና ዚፕም አታድርጊ።

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። በክረምቱ ጭቃ አንሸራቷት ወድቃ ወገቧን ያማታል። ጎረቤት ወጌሻ ጋ ውሰጃት እያለኝ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ራጅ። ወጌሻ አልንቅም፣ ውልቃት ሲመልሱ ዓይኔ አይቷል። ግን በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ወድቃ ወገቧን ካመማት በኋላ ጀርባዋን ማሸትና መጫን አደገኛ ነው። የተሰነጠቀውን አጥንት ይጨርሰዋል። ማንም እጁን እንዳያሳርፍባት። ይሄንን ደግሞ ሁላችሁም ያዙ፦ አዛውንት ወድቀው መነሣት ካቃታቸው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዳሌ ተሰብሯል ብላችሁ አስቡ። አትጎትቱ፣ አታስቁሙ፣ ባጃጅ ላይ አጥፋችሁ አትጫኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ፦ ጾመኛ ነኝ። ወተት አልቀምስም። አጥንቴ በጾም ሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ በጾም ብቻ ብሎ የሚፈርድ ሰው አላምንም። እንጀራችን እኮ ቀላል አይደለም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ፤ የስንዴው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ሊጡ መቦካቱም ይጠቅማል፣ ማዕድኑን ይዞ የማይለቀውን ነገር ይቀንሰዋል። ሰሊጥ ከነልጣጩ ትልቅ ነገር ነው። ጎመንም ጥሩ ነው። ቆስጣ ግን ያታልላል፣ ካልሲየም ቢኖረውም ሰውነት ብዙ አያገኘውም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊ ግራም ገደማ ትፈልጋለች። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 አካባቢ ይሰጣል። በፍስክ እርጎም አይብም ስላለ ይቀላል፤ በጾም ወራት ግን ከሽሮና ከእንጀራ ብቻ እዚያ መድረስ ይከብዳል። ክኒን ከታዘዘልሽ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ስለዚህ በባዶ ሆድ ጠዋት ሳይሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ስትገድፊ ከማዕዱ ጋር ውሰጂው። በአንዴ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሰውነት በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ ተከፋፍሎ። የእንቅርት መድኃኒት ወይም የደም ማነስ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን አራርቂው።

ጥያቄ፦ የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር ቫይታሚን ዲ እንዴት ያንሰናል?

መልስ፦ ፀሐይዋ አለች፣ እኛ የለንበትም! ሌሊት ወጥተን ታክሲ ውስጥ፣ ከታክሲ ቢሮ፣ ማታ ተመልሰን። ስንወጣም ተሸፋፍነን፣ ጃንጥላ ይዘን። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። አዳማ ላይ በተማሪዎች የተሠራ ጥናት የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ፀሐዩን ያገኘዋል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የምትሞቋት ፀሐይ ደስ ትላለች እንጂ ለዚህ ብዙም አትረባም። ዘዴው ጥላችሁን ማየት ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር፣ ወደ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ክንድና እግር ገለጥ አድርጎ ትንሽ መቀመጥ። እስኪያቃጥል አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ 61 ዓመቴ። ለአስም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ወስጃለሁ። ይሄ የሴቶች በሽታ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም ጋሼ። ሴቶች ላይ ይበዛል እንጂ ወንድንም አይምርም። እርስዎ ደግሞ ከሁሉ በፊት መመርመር ያለብዎ ሰው ነዎት፤ በቀን 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለ3 ወር የወሰደ ሰው አጥንቱ መታየት አለበት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ በኤችአይቪ መድኃኒት ውስጥ ያለው ቴኖፎቪርም አጥንት ይነካሉ። ይህን ስል ግን አንዳችሁም ክኒን እንዳትጥሉ። ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቆም ራሱ ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም እየደረሰ ነው። ስግደት ይከለከላል?

መልስ፦ ውጤትዎ መለስተኛ ከሆነና ካልተሰበሩ እኔ አልከለክልም። የጀርባ አጥንት ስብራት ያለበት ወይም ቁጥሩ በጣም የወረደ ሰው ግን ከወገብ ደጋግሞ ማጎንበስ አይመከርም፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በአከርካሪው ፊት ለፊት ላይ ነው። ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ከዚያ ለንስሐ አባትዎ። በሽተኛን አያስጨንቁም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ጄሪካኑ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮቻችን ውስጥ 20 ሊትር ጄሪካን ጎንበስ ብለው የሚያነሡ እናቶች አሉ። ያ 20 ኪሎ ነው። በትንንሽ ጀሪካን ይቀዳ፣ ወይም ልጆቹ ይሸከሙ።

ጥያቄ፦ ለአጥንት መሳሳት አለንድሮኔት የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። መንጋጋ ያበላሻል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ፣ ሳልጀምር አስቀመጥኩት።

መልስ፦ የመንጋጋው ነገር አለ፣ ግን በዚህ መጠን ለሚወስድ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። የሚነቀል ጥርስ ካለሽ ከመጀመርሽ በፊት ጨርሺ፣ ለጥርስ ሐኪሙም ንገሪ። አወሳሰዱ ነው ዋናው። 70 ሚሊ ግራሙ በሳምንት አንዴ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ። በቡና አይሆንም፣ በሻይ አይሆንም፣ በወተትማ ጭራሽ! ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምንም አትብዪ፣ አትተኚ፤ ቁሚ ወይም ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ተመልሰሽ ከተኛሽ ጉሮሮሽን ያቆስለዋል። ስትውጪ የሚያምሽ ከሆነ ወይም ቃር ከበረታብሽ ተመልሰሽ ንገሪያቸው፤ በመርፌ የሚሰጥ ሌላም አለ። በየ6 ወሩ የሚወጋውን ዴኖሱማብ የጀመራችሁ ግን ቀጠሮ አታሳልፉ፤ ሲቋረጥ አጥንቱ ቶሎ ተመልሶ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ምን ልሥራ? እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መልስ፦ ቤትሽን ዙሪው። ቀልዴን አይደለም። አብዛኛው የእጅና የዳሌ ስብራት የሚመጣው ከመውደቅ ነው፤ ቁጥሩን ዛሬ መቀየር አትችይም፣ መውደቂያውን ግን ዛሬ ማታ ማንሣት ትችያለሽ። የሚያንሸራትተው ምንጣፍ ይነሣ። የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ስንት ጊዜው ነው? ብሎኩን አስተባብሪና ይቀየር። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄጂ ስልክሽን አብሪ። ተረከዙ ያለቀ ነጠላ ጫማ ጣዪ። ወያላው «ቶሎ ቶሎ» ሲልሽ አትስሚው፣ ታክሲው ሳይቆም አትውረጂ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ከጭቃው ባልተናነሰ ነው ሰው የሚወድቀው። መነጽርሽ ካረጀ ዓይንሽን ታዪ። በእግርሽ ሂጂ፣ ከወንበር እጅሽን ሳትደገፊ መነሣትን ተለማመጂ፤ ለጭን ጡንቻ እንደሱ ያለ የለም። ለቀጠሮሽ ደግሞ የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ «ነጯ ክኒን» ብትያቸው ማንም አያውቃትም።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜው ልድገመው?

መልስ፦ ሕክምና ከጀመርሽ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ፤ ካልሆነ ሐኪሙ እንደ ውጤትሽ ይወስናል። በየ3 ወሩ ተነሺ የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚታይ ለውጥ የለም። ከተቻለ እዚያው ማሽን ላይ ተነሺ፤ የተለያዩ ማሽኖች ቁጥር አንዱን ከአንዱ ማነጻጸር ያስቸግራል። የአሁኑን ወረቀት እንዳትጥይው፣ ፎቶም አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።