ካቬርኖማ የተገኘበት ልጅና ታናሽ እህቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። የ3 ዓመቱ ልጅሽ አንቀጥቅጦት ኤምአርአይ ሲነሳ አንጎሉ ላይ ብዙ ካቬርኖማ ተገኘ፤ «የዘር ሊሆን ይችላል» ሲሉሽ ደግሞ ለታናሽ እህቱ ሰጋሽ። እኛም እዚሁ ባሕር ዳር ነን። የኔም ልጅ ያው ነው ያለበት።

ካቬርኖማ ማለት ግድግዳቸው የሳሳ ቀጫጭን የደም ስሮች እንደ እንጆሪ ፍሬ ተጠጋግተው ሲያብጡ ነው። ሊደማ ይችላል፣ ልጁንም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ብዙ ሰው አንድ ብቻ ኖሮበት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። በርከት ብሎ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ የመጣ ነው። እናት ወይም አባት ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንድሟ ስለወረሰ እሷ ታመልጣለች ወይም ትያዛለች ማለት አይደለም።

ስለዚህ ልጁን ብቻ አትዪ፤ ቤተሰቡን እዪ። ባለቤቴ ለዓመታት ራስ ምታቱን «ማይግሬን ነው» እያለ በክኒን ያልፈው ነበር። ከልጃችን በኋላ ኤምአርአይ ሲነሳ እሱም ላይ ካቬርኖማ ተገኘ። ዘጌ ያሉትን ዘመዶቹን ስንጠይቅ ደግሞ የሚጥል በሽታ የነበረበት አጎት ተነሳ። ማንም አገናኝቶት አያውቅም። አንቺም አማትሽንም እናትሽንም ጠይቂ፤ የሚጥለው፣ በወጣትነቱ ግማሽ አካሉ የሰነፈ፣ በድንገት ያለፈ ነበር ወይ? ምንም የማይሰማው ሰው ላይም ሊኖር እንደሚችል አትርሺ።

ሲቲ ስካን ትንንሾቹን ይስታቸዋል። ኤምአርአይ ስትነሱ የደም ምልክት አጉልቶ የሚያሳየው ኤስደብሊውአይ የሚባለው ምስል እንዲጨመር ጠይቂ። ሕፃኗ ለመነሳት ማደንዘዣ ስለሚያስፈልጋት መቼ ትነሳ የሚለውን ከነርቭ ሐኪሙ ጋር ተማከሩ። እኔ ብሆን መጀመሪያ እናንተ ወላጆቹ ብትነሱ እመርጣለሁ።

ጸበል ብትወስጂው ማንም አይከለክልሽም። መድኃኒቱ ግን አንድ ቀንም አይቋረጥ፤ በድንገት ሲቆም ማንቀጥቀጡ ብሶ ይመጣል። ሲጥለው በጎኑ አስተኚው። ክብሪት አታሽትቺው፣ አፉም ውስጥ ምንም አትክተቺ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ጣና ዳር ደግሞ ብቻውን እንዳትተዪው፤ ታንኳም ላይ ቢሆን፣ ቤት ውስጥ የውሃ ሳፋም ውስጥ ቢሆን።

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከደነዘዘ ወይም አንድ እጁ ከሰነፈ ቀጠሮ አትጠብቂ። የኤምአርአዩን ሲዲ ይዘሽ በዚያው ሌሊት ውሰጂው።