ለጀማሪ የሕግ ባለሙያ ሁለት ጥሪ ሲደራረብ

በሐዋሳና በአካባቢዋ የሕግ ትምህርታቸውን ጨርሰውና የመውጫ ፈተናውን አልፈው ሥራ በመፈለግ ላይ ያሉ ወጣቶች ሰሞኑን የላኩልኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሆኑ በአንድ ላይ ልመልሳቸው ወደድሁ። «ዜሮ ዓመት» የሚል፣ ማለትም የሥራ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሁሉም ባገኘው ቦታ ያመለክታል፤ ማመልከቱም ተገቢ ነው። ጭንቀቱ የሚጀምረው ለወራት ዝም ብለው የቆዩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ የደወሉ እንደሆነ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጹ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ ባንክ የሕግ ክፍል የጽሑፍ ፈተና አለኝ። በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት አዲስ አበባ ያለ የጥብቅና ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ፈተናውን ቶሎ ጨርሼ ብወጣ እደርስ ይሆን?»

አትደርሺም፤ ብትደርሺም ባልደረስሽ ይሻልሽ ነበር። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መናኸሪያ ገብተሽ መኪናው እስኪሞላ የምትጠብቂው፣ በሻሸመኔና በሞጆ መጨናነቅ የሚያልፈው ጊዜ ሲታሰብ፣ ልብስሽ ተጨማዶ፣ ምሳ ሳትበዪ፣ ላብሽን እየጠረግሽ ሦስት ጠበቆች ፊት የምትቀመጪበት ቃለ መጠይቅ ያለሽን እውቀት አያሳይም።

ከሁለቱ የትኛው ቀን ሊለወጥ እንደሚችል አስቢ። ባንኩ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓትና በአንድ ጥያቄ ስለሚፈትን ለአንቺ ብቻ ሌላ ቀን ሊይዝ አይችልም። ቃለ መጠይቁን የሚያደርጉት ጠበቆች ግን ኑሯቸው ራሱ ቀጠሮ ነው፤ በቂ ምክንያት ሲኖራቸው ችሎቱን ተለዋጭ ቀጠሮ እንዲሰጣቸው የሚጠይቁ ሰዎች ስለሆኑ በአግባቡ ለጠየቃቸው ሰው ያንኑ አይነፍጉም። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ ሳይሆን ይህን እንዳነበብሽ ደውዪ። «ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ በዚያው ዕለት ሐዋሳ ላይ ሊለወጥ የማይችል የጽሑፍ ፈተና አለብኝ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በፈቀዳችሁት ሰዓት መቅረብ እችላለሁ» ብትዪ ይበቃል። ካወራሽ በኋላ ይህንኑ በአጭር መልእክት ጽፈሽ ላኪ፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ለአለቃው ሳይነግር ሊቀር ይችላልና። አደራ የምልሽ፣ ታምሜያለሁ ወይም ለቅሶ አለብኝ እንዳትዪ። የሙያ ሕይወትሽ በእውነት ላይ የሚቆም ነው፤ እውነተኛው ምክንያትሽም የሚያሳፍር አይደለም።

«አንድ የከተማችን ጠበቃ በረዳትነት ሊቀጥሩኝ ወስነው እስከ ዓርብ መልስ እንድሰጥ ነግረውኛል። ይበልጥ የምመኘው ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የተፈተንሁበትን ሌላ ድርጅት ነው፤ ውጤቱ አልወጣም። ዓርብ ዝም ብል እንደተስማማሁ ይቆጠራል? ወይስ እሺ ብዬ ልጀምርና ያኛው ሲጠራኝ ልተው?»

ከሕጉ ልጀምር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ዝምታ ብቻውን እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። በቁጥር 1690 ደግሞ ውል እንዋዋል ብሎ ላቀረበው ሐሳብ የጊዜ ገደብ የሰጠ ሰው ገደቡ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ ይገደዳል። ስለዚህ እኚህ ጠበቃ እስከ ዓርብ ቃላቸውን መጠበቅ አለባቸው፤ አንተም ዝም በማለትህ ብቻ ውል አይመሠረትብህም። ነገር ግን ገደቡ ባለፈ ማግስት እሳቸው ነጻ ናቸው፤ አንተም ቦታውን አጥተሃል፤ ከዚያም በላይ በአንድ ፍርድ ቤት ግቢ ስትተያዩ በምትኖሩባት ከተማ መልስ እንኳን ያልሰጠ ልጅ ተብለህ ትታወሳለህ።

ዛሬውኑ ለተፈተንህበት ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ደውልና ሌላ የሥራ ጥሪ እንደደረሰህ፣ እስከ ዓርብ መልስ እንድትሰጥ እንደተጠየቅህ፣ ምርጫህ ግን እነሱ ጋር መሥራት እንደሆነ ነግረህ ውጤቱ መቼ እንደሚገለጽ ጠይቅ። የጠበቃውን ስም አትጥራ፤ የቀረበልህን ደመወዝም ከፍ አድርገህ አታውራ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ የተቀመጠን ፋይል ከመሳቢያ ያስወጣል። በሚቀጥለው ሳምንት እናሳውቃለን የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ካገኘህ ለጠበቃው የተወሰነ ቀን ጠቅሰህ ጊዜ እንዲጨምሩልህ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃቸው። «ትንሽ ቀን ይስጡኝ» ማለት ያሳስባቸዋል፤ «እስከ ረቡዕ 6 ሰዓት ቁርጡን አሳውቅዎታለሁ» ማለት ግን ያስከብርሃል። ካልፈቀዱልህ በእጅህ ባለው ነገር ወስን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ያልመጣው ጥሪ ከመጣው ይልቅ ሁልጊዜ የሚያምር ስለሚመስል፣ ስትወስን ይህን ልብ በል።

እሺ ብዬ ልጀምርና ልተው ላልኸው፣ እባክህ አታድርገው። እኔ ራሴ ባለሁበት ቢሮ የሆነውን ልንገርህ። ከሁለት ተወዳዳሪዎች አንዱን መርጠን፣ ሁለተኛዋን ቦታው ተይዟል ብለን ካሰናበትናት በኋላ፣ የመረጥነው ወጣት በስምንተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሄደ። ልጅቷን መልሰን ስንደውልላት ተስፋ ቆርጣ ከሐዋሳ ወጥታ ነበር። ልጁ በእኛ ላይ ያደረሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ የእሷ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጊዜው ካለህ ደግሞ ሁለቱን ቦታዎች በስማቸው ሳይሆን በሚሰጡህ ሥራ አወዳድር። ጠበቃውን፣ ክስና መከላከያ መልስ እኔ አርቅቄ እርስዎ ያርሙልኛል ወይስ ሥራዬ ከሬጅስትራር፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ሰነድ ማመላለስ ነው ብለህ በአክብሮት ጠይቃቸው። ጉዳዮቻቸው በብዛት በፌዴራል ችሎት ይሁን በክልሉ ፍርድ ቤቶች እንደሚታዩም እወቅ፤ የፌዴራልና የክልል የጥብቅና ፈቃድ የተለያዩ ናቸው፤ የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋም ሲዳሙ አፎ ስለሆነ ቋንቋውን የምትችል ከሆነ ትልቅ ሀብት ይዘሃል፤ ካልቻልህም ከወዲሁ ልትጀምረው ይገባል።

«አንደኛው ቢሮ በእጄ የተሻለ ገንዘብ ይሰጠኛል፤ ነገር ግን ፔይሮል የለውም፤ ማለትም በደመወዝ መዝገብ አስገብቶ ግብር አይቆርጥም። ሌላው ያነሰ ነው፤ የሥራ ግብርም ጡረታም ይቆረጥበታል። ቤተሰቤን መርዳት ስላለብኝ ወደ መጀመሪያው አዘንብያለሁ።»

ቤተሰብ መርዳት ቀላል ነገር አይደለምና ሐሳብሽን አልነቅፍም። ሆኖም ሁለት ዓመት ወደፊት አስቢ። ለጥብቅና ፈቃድም ሆነ ለተሻለ የሥራ መደብ ስታመለክቺ የሥራ ልምድ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ፤ በግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ሲሆን ደግሞ አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሚጠይቁ ራስሽ አንብበሻል። በፔይሮል ያልገባ ሁለት ዓመት እንዳልተሠራ ሊቆጠር ይችላል። ጡረታውም ቢሆን ካንቺ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ ይህ በእጅሽ ባይገባም ያንቺ ነው። መጀመሪያ ግን የተሻለ የሚከፍልሽን ቢሮ በፔይሮል ሊያስገባሽ ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቂ፤ ግብሩ ተቀንሶ የሚደርስሽ ገንዘብ ምናልባት አሁንም ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። እምቢ ካለ ያነሰውን ያዢ እላለሁ።

«ሁለት የጥብቅና ቢሮዎች ጠሩኝ። በአንዱ ለሦስት ወር በልምምድ ሠርቻለሁ። በሌላኛው ቃለ መጠይቅ ላይ አንዱ ጠያቂ የመጀመሪያው ቢሮ ስለያዘው የመሬት ክርክር ጠየቁኝ፤ ለካ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ናቸው። ጥቂት ነገር መለስሁ። አጠፋሁ?»

አዎ፣ አጥፍተሃል፤ ግን ሊታረም ይችላል። በልምምድ ላይ የነበርህ ብትሆንም በዚያ ቢሮ ያየኸውና የሰማኸው የደንበኛው ምስጢር ነው፤ የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 399 የሚያስቀጣ መሆኑንም ትምህርት ላይ ተምረኸዋል። ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ወይም ደንበኛው በስንት እንደሚስማማ የሚያሳይ ነገር ተናግረህ ከሆነ፣ ቢከብድህም ለመጀመሪያው ቢሮ ኃላፊ ሄደህ ንገራቸው፤ ደንበኛቸውን ለመጠበቅ ጊዜ ይኖራቸዋል። በችሎት የተነገረውን ብቻ ከሆነ የመለስኸው ነገሩ የቀለለ ነው።

ለወደፊቱ «በዚያ ቢሮ ስላለ መዝገብ መናገር አልችልም፤ እርስዎ ጋር ብሠራም የእርስዎን መዝገብ እንዲሁ እጠብቃለሁ» ብለህ መልስ። ይህን ሰምቶ የሚቀየም ጠበቃ ካለ እሱ ዘንድ አለመቀጠርህ ይበጅሃል። ቢቀጥሩህም ደግሞ ከመፈረምህ በፊት በዚያ የመሬት መዝገብ ላይ እንደማትሠራ ተስማምታችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

«የእህቴ ልጅ በሁለት ቦታ ሥራ ሊያገኝ ነው። ሁለቱም ዋስ አምጣ ብለውታል። ለአንዱ ፈርሜያለሁ፤ ለሁለተኛውም ልፈርም?»

አባቴ፣ ልጁ በየትኛው እንደሚሠራ እስኪቆርጥ ድረስ ለሁለተኛው አይፈርሙ። ለመጀመሪያው የፈረሙትን ወረቀትም ያስመጡና ይመልከቱት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ የዋስትናው ውል አይጸናም። ልጁ ያንን ቦታ ከተወው ዋስትናው መቅረቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያመጣልዎት ይንገሩት፤ ይህን ማድረግ የእሱ ግዴታ ነው፤ እርስዎ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት የለብዎትም።

«ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ዋናውን ዲግሪዬን እንዳስቀምጥ ጠየቁ።»

ዋናውን አሳይተህ ኮፒውን ስጥ። አንዴ ከእጅህ ከወጣ ሌላ ቦታ መወዳደር አትችልም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው።

«በአንድ የጥብቅና ድርጅት ውል ፈርሜ ሥራ ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። አሁን ቀደም ብዬ ተወዳድሬ የነበረበት የዐቃቤ ሕግነት ቦታ ጠራኝ። ዐቃቤ ሕግ መሆን የልጅነት ምኞቴ ነው። መሄድ እችላለሁ? እንዴትስ ብዬ ልንገራቸው?»

መሄድ ትችላለህ፤ ልታፍርበትም ሆነ ልትፈራበት አይገባም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ከተስማማችሁ፣ ይህም ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትለቅ ትችላለህ። ውልህን አውጥተህ እየው። የሙከራ ጊዜ ካልተጻፈበት እንደ ማንኛውም ቋሚ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣለህ፤ ሳትሰጥ ብትሄድ ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሳ ልትጠየቅ ትችላለህ። ለሦስቱ ሳምንታትም ቢሆን የሠራኸውን ሥራ ዓይነት፣ የቆየህበትን ጊዜና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቅ፤ አሠሪው በነጻ ሊሰጥህ ይገደዳል።

የመቀጠሪያ ደብዳቤው በእጅህ ሳይገባ ግን አትሰናበት። በስልክ ተጠርተው የነበረውን ለቅቀው፣ ደብዳቤው ሳይወጣ ወራት ያለፈባቸውን አውቃለሁ። ደብዳቤው እንደወጣ ለኃላፊህ ቢሮ ገብተህ ፊት ለፊት ንገር፤ ከሥራ ባልደረባ አፍ እንዳይሰሙት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ በእጅህ ያሉት መዝገቦች ናቸው። ከዓመታት በፊት አብሮን ይሠራ የነበረ ወጣት ቀጠሮዎችን የሚጽፈው በቢሮው መዝገብ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ በሚይዛት ትንሽ አጀንዳ ላይ ነበር። ዓርብ ማታ በሰላም ተሰናብቶን፣ አጀንዳዋን ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ሬጅስትራር ዘንድ ስንሄድ የአንድ ደንበኛችን መከላከያ መልስ ሳይቀርብ ቀጠሮው አልፎ፣ ክርክሩ እሳቸው በሌሉበት እንዲቀጥል መታዘዙን ሰማን። በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ የሚከራከሩትም በሚኖሩበት ቤት ነበር። ወደ ክርክሩ እስክንመልሳቸው ድረስ ያሳለፏቸውን ሳምንታት አልረሳቸውም።

ስለዚህ ከመውጣትህ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ በአንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን መዝገብ ቁጥር፣ የደንበኛውን ስምና ስልክ፣ ችሎቱን፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንና ሰዓት፣ ለዚያ ቀን የሚቀርበውንም ነገር ጻፍ። ደንበኛ የሰጠህ ዋና ሰነድ ካለ፣ የቤት ካርታም ይሁን ውል፣ ለየብቻ ዘርዝረው። ከሚረከብህ ሰው ጋር መዝገቦቹን አንድ በአንድ እየገለጣችሁ አስተያዩ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንዱን ቅጂ ይዘህ ውጣ።