በጋው በጉዞና በግብዣ አልቆ ጓሮው ሲጠብቅ፣ ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «በጋው ሙሉ በጉዞ፣ በሠርግና በቤተሰብ መሰባሰብ አለፈ። ስመለስ ጓሮዬን አረም ውጦታል፣ ቲማቲሙ ተሰነጣጥቋል፣ ሻንጣዬ አልተፈታም፣ ያልመለስኩት መልእክት ተከምሯል። በዚያ ላይ በቅርቡ እንግዶች ይመጡብኛል። ከየት ልጀምር?» ብለሻል።

እኔም በጋዬ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚያልፈው። ጓሮም እወዳለሁ፣ መንገድም እወዳለሁ፣ ሰው መሰብሰብም እወዳለሁ። ሦስቱም የሚመጡት በአንድ ወቅት ነው። ከብዙ በጋ በኋላ የያዝኩት አንድ መመሪያ አለ፦ ዛሬ ካልተነካ ነገ የሚብሰውን አስቀድሚ። ለዓይን የሚያስጠላው አብዛኛው ነገር መቆየት ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን መቆፈሪያ አታንሺ። ዙሪያውን ዞረሽ እያንዳንዱን ተክል እዪ። ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ማታ የሚቀና ከሆነ ሙቀቱ ነው፣ አትደንግጪ። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኘሽው ግን ብዙ ጊዜ ተጠምቷል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢና ሞክሪ። ከላይ ደርቆ ከታች እርጥብ ከሆነ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ሥሩ ተጎድቷል። እንዲህ ያለው ላይ ውሃ መጨመር ይጎዳዋል።

በዕቃ የተተከሉት ቅድሚያ ይገባቸዋል። አፈራቸው በጣም ሲደርቅ ውሃን አይቀበልም። ከላይ ስታፈሺ በጎን በኩል ወርዶ ከታች ይወጣል። አንቺ አጠጣሁ ትያለሽ፣ ሥሩ ግን ደረቅ ነው። ዕቃውን እንዳለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው። አረፋው ሲያቆምና አፈሩ ሲከብድ አውጥተሽ አጥልዪው። መሬት ላይ ላለው መደብ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት አልፎ አልፎ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ዝናብ በሌለበት ለአትክልት የሚመከረው በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። ጠዋት በማለዳ ብታደርጊው ብዙው ሳይተን ይሰርጋል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ደግሞ እለምንሻለሁ፣ ቆይ በይው። ብዙ ሰው ተክሉ ተጎድቶ ሲያይ መጀመሪያ ወደ ማዳበሪያ ነው የሚሮጠው። የተጠማ ተክል ላይ ማዳበሪያ ሲጨመር ጨውነቱ ሥሩን ያቃጥላል። መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያኔ ትመግቢዋለሽ።

ከውሃ ቀጥሎ ለቀማ ነው። ይሄ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሥራ ነው። ኪያር፣ ዝኩኒና ፎሶሊያ ፍሬያቸው ተክሉ ላይ ካረጀ ጉልበታቸውን ዘር ማብሰል ላይ ያውሉታል፣ አዲስ አበባ ማውጣቱንም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ያረጀውን ባትበዪውም ቁረጪው። ከዚያ በኋላ ተክሉ እንደገና ሲያፈራ ማየት በጣም ያስደስታል።

ቲማቲምሽ የተሰነጠቀው አፈሩ ደርቆ ቆይቶ በድንገት ብዙ ውሃ ስላገኘ ይመስለኛል። ውስጡ ይነፋል፣ ልጣጩ ግን አብሮት አይለጠጥም። ያልሻገተውን ዛሬውኑ ተጠቀሚበት፣ አይቆይም። ከታች ጫፉ በኩል ጠቁሮ የጎደጎደ ፍሬ ካየሽ ደግሞ ተባይ ነው ብለሽ መድኃኒት አትርጪ። ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ወደ ፍሬው በበቂ ስለማይደርስ የሚመጣ ነው። ውሃው ሲስተካከል የሚቀጥለው ፍሬ ጤነኛ ይሆናል።

አረሙን አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመንቀል ከሞከርሽ ወገብሽ ይያዛል፣ በማግስቱም ወደ ጓሮ መውጣት ያስጠላሻል። ዘር ያፈራውን ወይም ሊያፈራ የተቃረበውን ብቻ ለይተሽ ጀምሪ። አንድ አረም በሺዎች የሚቆጠር ዘር ሊያራግፍ ይችላል፣ የብዙዎቹም ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል። ለመንቀል ጊዜ ከሌለሽ ራሱን ቆርጠሽ ከረጢት ውስጥ ክተቺ። ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ ክምር) ውስጥ አትጨምሪው። የክምሩ ውስጥ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለቀናት ካልቆየ አብዛኛው ዘር ይተርፋል። ያጸዳሽውን ቦታ ባዶ አትተዪው። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዢበት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው። ይህ ጉዝጓዝ አረም ያፍናል፣ እርጥበትም ይይዛል።

መግረዝ ይቆይ። በኃይለኛ ፀሐይ ብዙ ቅጠል ካነሳሽ በጥላ ያደገው ፍሬ ይቃጠላል። የደረቀውንና የታመመውን ብቻ አንሺ። አበባ ያወጣ ሰላጣ መራራ ስለሆነ ንቀዪውና ቦታውን ለሌላ ችግኝ ልቀቂ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ከሻንጣው ውስጥ እርጥብ ልብስ ካለ እሱን ዛሬ አውጪ፣ ሌላው ይደርሳል። የሰዓት ልዩነት ካለበት አገር ከመጣሽ ሰውነትሽ በአማካይ ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ማለዳ ላይ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ጓሮ ለመውጣት ምቹ ሰዓት ነው። ከመልእክቶቹ መጀመሪያ ያስተናገዱሽን ሰዎች አመስግኚ። ለእነሱ ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። ሁለት መስመር ሞቅ ያለ ምስጋና ከአንድ ጥሩ ፎቶ ጋር ዛሬ ቢደርሳቸው ይበልጣል። ፎቶ ማደራጀቱን ለሌላ ጊዜ ተዪው።

ለሚመጡት እንግዶች ደግሞ ሙሉ ጓሮ ለማሳመር አትሞክሪ። ከበሩ እስከሚቀመጡበት ያለውን መንገድ ጠርዙን አጽጂ። መቀመጫው አጠገብ አበባ ያለበትን ዕቃ አምጪ። የቀረውን እነሱው እያዩ ይዟዟሩበት። ዘንቢል ሰጥተሽ ፎሶሊያ እንዲለቅሙ ብትጋብዣቸው ደስ ይላቸዋል፣ ሥራሽም ይቀልላል። ልጆች ካሉ በተለይ ከዚያ የተሻለ ጨዋታ የለም።

ለሚቀጥለው ጉዞሽ ከወዲሁ አንድ ጎረቤት አነጋግሪ። «እያጠጣችሁ የደረሰውን ሁሉ ልቀሙና ውሰዱ» በያቸው። ተክሉም ውሃ ያገኛል፣ ለቀማውም አይቋረጥም። ከመሄድሽ በፊት ዕቃዎቹን ጥላ ያለበት አንድ ቦታ ሰብስቢያቸው፣ ቶሎ አይደርቁም፣ ለሚያጠጣውም ሰው ይቀላል።

ቲማቲሞችሽ በዕቃ ናቸው ወይስ መሬት ላይ? የቅጠላቸውን ፎቶ ከላይም ከታችም አንስተሽ ለጥፊልን። በሙቀትና በድርቅ ጊዜ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር የሚሠሩ ጥቃቅን ተባዮች ይበዛሉ። እነሱ ከሆኑ በቶሎ በውሃ ግፊት ማጠብ ስለሚገባ ፎቶውን አይቼ እመልስልሻለሁ።