ሲያትል ኖሬ ደሴ ተመልሻለሁ፤ ስለ ዝናቡም ስለ ኑሮውም ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ የወሎ ልጆች። ሰሞኑን ቡና በጠጣሁበት ቤት ሁሉ «ሲያትል እንዴት ነው?» የሚለኝ በዝቷል። የአንዱ ልጅ ከዳላስ ወደዚያ ልዛወር እያለ ነው፣ የሌላዋ እህት ትዳር ይዛ ልትሄድ ነው፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ዝናብ እያየ መኖር አምሮታል። ለየብቻ ከምመልስ ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ ብዬ ነው። እዚያ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ስለ ቪዛ አልመልስም። ደላላ ብር ጠይቋችሁ ከሆነም አትስጡ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋበር)፦ እውነት ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል? እኔ የደሴ ክረምት ራሱ ያንገፈግፈኛል።

ኧረ አይዘንብም። እንዲያውም በመጠን ከሄድን የእኛው ይበልጣል። ሲያትል በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ነው የምታገኘው፤ ደሴ ከዚያ ታልፋለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የእኛ ሐምሌ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ቦርከናን ሞልቶ፣ መንገዱን ወንዝ አድርጎ ያባራል። የእነሱ ካፊያ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይቆያል፣ ቀስ ይላል፣ አይቸኩልም። በዓመት 150 ቀን ያህል ጠብ ይላል፤ ብዙውን ቀን ግን ልብስ በቅጡ አያርስም። ነጎድጓድ ብርቅ ነው። ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ካየሽ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ነው፤ የከተማው ሰው ኮፍያ ያለው ጃኬቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደረቅ ነው። ጦሳ ከጉም አልወጣ ሲል፣ እዚያ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። «ዝናባማ ከተማ» የሚለው ስም ሰውን ያሳስተዋል።

ጥያቄ (የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ)፦ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መምህር፣ ይህን እርስዎ ቢያስተምሩን ይሻል ነበር። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር መጀመሪያ ምዕራብ ካሉት የኦሎምፒክ ተራሮች ጋር ይላተማል። ከተራሮቹ ወዲያ ማዶ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ዛፉ ሁሉ ሽበት ለብሷል። ሲያትል ከተራሮቹ ወዲህ ስለሆነች ትንሽ ትከለላለች። የቀረውን ምሥራቅ ያለው የካስኬድ ሰንሰለት ይጨርሰዋል። እሱን ተሻግረው ያኪማ የምትባል ከተማ ቢደርሱ ዝናቡ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከደሴ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ ሲወርዱ የሚያዩት ዓይነት ለውጥ ነው።

ጥያቄ (እናት ነኝ፣ ከሐይቅ፤ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)፦ ወንዱ ልጄ እዚያ ከገባ ዓመት አልሞላውም። በስልክ «ጨለማው ከበደኝ» ይለኛል። መብራት የለም እንዴ?

እማማ፣ መብራቱስ ሞልቷል። ልጅዎ የሚልዎት የፀሐዩን ነገር ነው፤ ደግሞም እውነቱን ነው። ይህን ትንሽ ላስረዳዎት።

እኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፤ ልዩነቱን ልብ የሚለው የለም። ሲያትል ግን ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ የምትገባው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ። ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ቀን ነው ያለው፤ እሱም ቢሆን በደመና ተሸፍኖ። ልጅዎ ጠዋት በጨለማ ወጥቶ፣ ቀኑን መስኮት በሌለበት መጋዘን ውሎ፣ በጨለማ ከተመለሰ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሳያይ ሊከርም ይችላል። ሰውነት ይህን አያውቀውም። እንቅልፍ ይበዛል፣ ሥራ ያስጠላል፣ ስልክ ማንሳት ይከብዳል። ብዙ የእኛ ልጆች «ምን ሆንኩ? ዓይን ነው? መተት ነው?» እያሉ ሲጨነቁ አይቻለሁ። ሐኪሞቹ በደንብ ያውቁታል፤ ቪታሚን ዲ ያዛሉ፣ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት የሚቀመጥ ደማቅ መብራት አለ፣ ከባሰ ደግሞ የሚያነጋግር ባለሙያ አለ።

እንዲህ ይበሉት፦ በምሳ ሰዓት ካፊያም ቢሆን ውጭ ወጥቶ ይራመድ። የመጀመሪያውን ክረምት የሌሊት ፈረቃ አይያዝ፣ ገንዘቡ ቢያጓጓውም። ቅዳሜና እሑድ ብቻውን አይዋል። ስልክ ሲደውሉለት ደግሞ የሰዓቱን ልዩነት ያስቡለት፤ በእነሱ በጋ 10፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። እርስዎ ጠዋት ቡና አፍልተው ሲደውሉ እሱ ጋ ማታ ነው። አብሽሩ፣ ከየካቲት በኋላ ቀኑ በፍጥነት ይረዝማል። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ ያኔ ደግሞ «እንቅልፍ አጣሁ» ይልዎታል።

ጥያቄ (ከሐይቅ ከተማ)፦ ዋናተኛ ነኝ፤ ሐይቃችን ላይ ነው ያደግሁት። ባሕሩ ያስዋኛል?

ያስዋኛል፣ ግን ያንቀጠቅጥሃል። ውሃው በበጋም ቢሆን 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ደግሞም ከተማዋ ያለችው ውቅያኖሱ ላይ ሳይሆን ፑጀት ሳውንድ በሚባለው፣ ወደ መሬት በዘለቀ የባሕር ክንድ ላይ ነው። ማዕበል የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ትልቁን ውቅያኖስ ለማየት በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ትነዳለህ። ለመዋኘት የሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ይሻልሃል፤ ነሐሴ ላይ ደህና ይሞቃል።

የባሕሩ ደስታ ጀልባው ላይ ነው። ከመሀል ከተማ ቤይንብሪጅ ወደምትባል ደሴት መኪና ጭኖ የሚሄድ ትልቅ ጀልባ አለ፤ 35 ደቂቃ ይፈጃል። እግረኛ የሚከፍለው ሲሄድ ብቻ ነው፣ መመለሻው ነፃ ነው። የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት መስኮታቸው ወደ ውሃው ነበር። የግድግዳ ሰዓት አያዩም፤ ጀልባው ሲመጣ «መድኃኒቴን አምጪ» ይሉኛል፣ ሲሄድ «ሻይ»። በጉም ቀን ጀልባው አይታይም፣ ጡሩምባው ብቻ ይሰማል፤ እሳቸው ግን በድምፁም ይለዩት ነበር። ጀልባ ያረፈደ ቀን መድኃኒት አልውጥም ብለው ይከራከሩኛል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ሰዉ ዝግ ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ከተማው በእውነት አያጣድፍም። ሹፌር ክላክስ አይነካም። መንገድ ልትሻገሪ ስትይ መኪናው ቆሞ ይጠብቅሻል። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሁሉ ሹፌሩን አመስግኖ ነው የሚወርደው፤ ይህን እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ። ልብስ አያስጨንቅም፤ ሀብታሙም ድሃውም ያው የዝናብ ጃኬት ነው የሚለብሰው። ከኒውዮርክ የሚመጣ «ሰው ተኝቷል እንዴ?» ይላል።

ሁለተኛው በሩ ነው። እኛ ወሎ ውስጥ መንገደኛውን ሳናውቀው «ቤት ግባ፣ ቡና ጠጣ» እንላለን፤ ማን ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ሳንል። እዚያ ፈገግታው እደጁ ድረስ ነው። «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» ይሉሻል፤ ቀኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይቀጠራል፣ ከዚያም ይሰረዛል። ክፋት አይደለም። ራሳቸውም ያውቁታል፤ ይቀልዱበታል። መፍትሔው ጠባቂ አለመሆን ነው፦ የእግር ጉዞ ቡድን፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ደጋግሞ መታየት። እነሱ ሰውን የሚቀርቡት በመደጋገም ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሞልቷል፤ ግን እሱም ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ስለዚህ እንደ ሰፈርሽ በማንኛውም ሰዓት በር አንኳኩተሽ አትገቢም።

ጥያቄ (ለእረፍት ወልድያ ነኝ፤ ኑሮዬ ዲሲ ነው)፦ ወደዚያ ብዛወር ኪሴን ይጎዳኛል?

ቁጥሩን ልንገርህና ራስህ ፍረድ። የከተማው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 20.76 ዶላር ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ በወር 3,600 ዶላር ገደማ ነው፣ ከተቀናሽ በፊት። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴት (ከዲሲህ ጋር እንዳታምታታው) ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይወስድም፤ የፌዴራሉ ግን አይቀርልህም። ስቴቱ የተወውን ደግሞ ከሱቅ ይለቅመዋል፤ ሲያትል ውስጥ የሽያጭ ግብሩ ከመቶ 10 በላይ ነው፣ የአስቤዛ ምግብ ሲቀር። አንድ መኝታ ያለው ቤት ወደ 2,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ብቻህን ከሆንክና ዝቅተኛውን ደመወዝ ካገኘህ ከግማሽ በላዩ ቤት ላይ ቀረ ማለት ነው። ጸጥታው በነፃ አይገኝም!

የእኛ ሰው ድሮ ቼሪ ጎዳና አካባቢ ነበር፤ ኪራይ ሲወደድ ወደ ደቡብ እየተገፋ ሬይኒየር ቫሊ፣ ስካይዌይ፣ ሬንተን፣ ተክዊላ፣ ኬንት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ባቡር ከመሀል ከተማ በሬይኒየር ቫሊ አልፎ ወደ ኤርፖርቱ ስለሚወስድ፣ መስመሩ አጠገብ ቤት ካገኘህ መኪና ሳትገዛ መቆየት ትችላለህ። ከዲሲ የምትመጣ ከሆነ ግን የሀበሻው ብዛት እንደለመድከው አይሆንልህም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ሥራ ቶሎ ይገኛል?

የእኛ ሰው ባብዛኛው ኤርፖርት፣ ታክሲና ኡበር፣ መኪና ማቆሚያ፣ መጋዘን፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ነው። እንክብካቤው አጭር ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። መኖሪያ ቤታቸውን ፈቃድ አውጥተው ጥቂት አረጋውያን የሚያኖሩበት ያደረጉ ሀበሾችም አሉ፤ ጥሩ ገቢ አለው፣ ግን ሌሊትም ቀንም ከቤት አያስወጣም። አማዞንና ቦይንግ ስማቸው ትልቅ ነው፤ ያለ ሙያ የሚገባው መጋዘኑ እንጂ ቢሮው አይደለም።

ጥያቄ (ከገራዶ)፦ ጾሙስ? ረመዳን ረጅም ነው ይላሉ።

እንደ ወሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ረመዳን ሰኔ ውስጥ ሲውል ጾሙ ወደ 18 ሰዓት ይደርስ ነበር፤ ከሥራ ጋር ከባድ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ታኅሣሥ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከሥራ ሳትወጣ ታፈጥራለህ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የሚከብደው የሁዳዴ ቅዳሴ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚቆምበት የሥራ ቀን የለም፣ ስለዚህ ሁሉ ነገር ቅዳሜና እሑድ ላይ ይታጨቃል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ቡናና እንጀራስ?

ጤፍ ጎረቤት ያለው አይዳሆ ስቴት ይበቅላል፤ እንጀራ በየሱቁ ነው። ቡናማ የከተማዋ ነፍስ ነው፤ ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው እዚያው ነው፣ ከኢትዮጵያ ጋር በሲዳሞ፣ በይርጋ ጨፌና በሐረር ስም የተነሳው የንግድ ምልክት ክርክርም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አልቋል። ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቴ የነበረች የቦሩ ሜዳ ልጅ ለገና ረከቦቷን ዘርግታ፣ ቡናዋን ቆልታ፣ ዕጣኗን ሞጀር ስታደርግ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ፎቁ በሙሉ በሌሊት ልብስ ካፊያ ላይ ወጣ፣ እሳት አደጋም መጣ። እሷ ሲኒዎቹን በትሪ ይዛ ወርዳ ለተሰበሰበው ሰው አቦሉን ቀዳችለት። በረካው ድረስ የቆዩ ነበሩ። ለማንኛውም መስኮት ክፈቱ፣ ዕጣኑን ቀንሱ።

ጥያቄ (ከካራቆሬ)፦ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ?

አለ። የ1953ቱን የእናንተን አካባቢ ያስታውሱ የነበሩ አባቶች ቢሰሙ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ሲያትል አቅራቢያ 6.8 መጠን ያለው ደርሷል። ቤት ስትከራዩ አሮጌ የጡብ ፎቅ ከሆነ ተጠንክሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ዓመት ነሐሴና መስከረም ላይ የሰደድ እሳት ጭስ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ደግሞ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ገብቶ ነበር፣ ብዙው ቤት ማቀዝቀዣ በሌለበት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እንዲህ ጥሩ ከሆነ እታለም ለምን ተመለስሽ?

እናቴ አርጅታለች። ሌላ ምክንያት አትፈልጉልኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዳላስ ያለው ወንድሜ ሐምሌ ላይ ሄዶ አይቶ ወደደው፤ ቤት ሊከራይ ነው። ምን ልበለው?

ሐምሌ ላይማ ማን ይጠላዋል! ሬይኒየር ተራራ 4,392 ሜትሩን ሙሉ ለሙሉ አሳይቶታል፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ውሃ ዳር ተቀምጦ ፀሐይ አይቷል። ኅዳር ላይ ይመለስ። ሆቴል ሳይሆን ዘመድ ቤት ይረፍ፣ በሥራ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ይሂድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጨልሞ ወደ ቤት ይመለስ፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ ያድርግ። ያኔም ደስ ካለው ይግባ፤ መጀመሪያ ግን የዓመት ውል አይፈርም፣ በየወሩ የሚከፈል ክፍል ይፈልግ። ፊርማውን እስከ መጋቢት ያቆየው።