ጅማ ዙሪያ የቡድን የእግር ጉዞ ለምትጀምሩ፦ ስለ መሪው፣ ስለ ደጀኑና ስለ መመለሻው ሰዓት

እህቴ፣ «ጅማ ያለን አሥር ጓደኛሞች በወር አንድ እሑድ በፈቃደኝነት ሰው እየመራን ወደ ደን የእግር ጉዞ ልንጀምር ነው፤ የት እንጀምር፣ ስንት ሰው እንያዝ፣ ምንስ ሊያሰናክለን ይችላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐሳባችሁ በጣም ደስ ይላል። በቡናና በደን በተከበበ ከተማ እየኖሩ ደኑን በመኪና መስኮት ብቻ ማየት ያስቆጫል። ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርጉ፦ ጉዞው የሚሄደው ከሁሉ ቀርፋፋ በሆነው ሰው እርምጃ ነው። በዚህ ካልተስማማችሁ ከታች የምጽፈው ሁሉ አይሠራም።

ሰው ደን ውስጥ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ፊተኞቹ ሲፈጥኑ፣ መሐሉ ሲሳሳና የኋለኛው መገንጠያ ላይ ብቻውን ሲደርስ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ፈቃደኛ ያስፈልጋችኋል፦ ከፊት መሪ፣ ከመሐል አንድ ሰው፣ ከኋላ ደጀን። ደጀንነት ለተረፈ ሰው የሚሰጥ ቦታ አይደለም፤ ከመካከላችሁ ጠንካራውና ታጋሹ ይያዘው። ከደጀኑ ኋላ ማንም አይቀርም። ለሽንት ገባ የሚል ሰው ቦርሳውን መንገዱ ዳር አስቀምጦ ይገባል፤ ደጀኑ ቦርሳውን ካየ ቆሞ ይጠብቃል። መሪው ደግሞ መገንጠያ በደረሰ ቁጥር ይቆማል፣ ደጀኑን በዓይኑ ሳያይ አይነቃነቅም። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ጥፋት አለ፦ ፊተኞቹ አርፈው ይቆዩና የደከመው ሰው ከች ሲል «በሉ እንሂድ» ይላሉ። ዕረፍቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቆጠራውን በጥንድ አድርጉት። እያንዳንዱ ሰው ጓደኛው መኖሩን ካረጋገጠ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት እየጮኹ መቁጠር አያስፈልግም።

የሰው ብዛት፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት 12 እንግዳና መሪ፣ መሐልና ደጀን የሆናችሁት ሦስታችሁ፣ ጠቅላላ 15 ይበቃል። የደን መንገድ አንድ በአንድ ነው የሚያስኬደው። በሰው መካከል 2 ሜትር ብትይዙ 15 ሰው ወደ 30 ሜትር ይረዝማል፤ ድምፅ ይደርሳል። 30 ሰው ሲሆን ግን አንድ ኩርባ ሰልፉን ለሁለት ይቆርጠዋል።

ሰዓቱን በግምት አትያዙት። ብቻውን በደረቅ ሜዳ የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ቡድን በጭቃማ የደን መንገድ ግን 2.5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ለየ100 ሜትሩ አቀበት 10 ደቂቃ ጨምሩ፣ ለዕረፍትም በየሰዓቱ 10 ደቂቃ። 8 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር አቀበት ጋር፣ መንገዱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ አቀበቱ 30 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ ወደ 40 ደቂቃ፤ ተደምሮ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ ይመጣል። ከጠዋቱ 1፡30 ብትነሡ 6 ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሳላችሁ። ዝናብ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳታልፍ ሲሆን ጥላው የከበደ ደን ውስጥ ግን ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። የመመለሻውን ሰዓት ገና ሳትነሡ ለሁሉም ንገሩ። ያ ሰዓት ሲደርስ ያሰባችሁበት ባትደርሱም ተመለሱ፤ «ትንሽ ነው የቀረን» የሚለውን አትስሙ።

አሁን ወደ ቦታው። ለመጀመሪያው ወር ጅሬን ይሻላችኋል። እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቀበቱ የእንግዶቻችሁን አቅም ያሳያችኋል፣ የደከመውም በባጃጅ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው የቦዬ ረግረግ ነው፦ ሜዳ ነው፣ ማለዳ ላይ አናታቸው የወርቅ ዘውድ የደፋ የሚመስሉ ረጃጅም ወፎች ይታዩበታል። ጉማሬ ስላለ ከውሃው ዳር ራቁ፣ በጉማሬና በውሃ መካከል ደግሞ በፍጹም አትግቡ። ሦስተኛው፣ ሁለቱን በደንብ ከሠራችሁ በኋላ፣ በቦንጋ መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው «በለጠ» የሚባለው ደን ነው። ቀረሮው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዋንዛው፣ ከላይ ጉሬዛው፣ ከሥር የጫካ ቡናው፤ በእግር ሊታይ የሚገባው ይህ ነው። ለዚህ ግን አስቀድማችሁ ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለቀበሌው አሳውቁ፣ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ በዚያው ሳምንት አጣሩ፣ የአገሩን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ። ክፍያውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለትን ለእንግዶቻችሁ ሁሉ አስተምሩ፤ ሰላምታ ሳይሰጡ በሰው ደጅ ማለፍ ነውር ነው።

መንገዱን ቀድማችሁ የምታዩበትን ቅኝት ጉዞው በሚደረግበት ሳምንት አድርጉት፣ መንገዱንም ደርሶ መልስ ሂዱበት፤ ሲሄዱ ግልጽ የነበረ መገንጠያ ሲመለሱ ሌላ ይመስላል። የቡና ደን አስቸጋሪነት መንገድ ማጣት ሳይሆን የመንገድ መብዛት ነው። ለቃሚ የረገጠው፣ ከብት የነዳው፣ ቀፎ ሰቃይ የሄደበት፣ ሁሉም መንገድ ይመስላል። እየጠበበ ሄዶ አንድ ዛፍ ሥር ከቆመ፣ ዛፉ ላይ ቀፎ አለ ማለት ነው፤ ዝም ብላችሁ ተመለሱ። እየሰፋ የሚሄደው ወደ ውሃ፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ገበያ ያወጣል። በቅኝቱ ቀን መስመሩን ስልክ ላይ ቅዱት፣ ካርታውንም ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርዱ። ሆኖም በወፍራም ቅጠል ሥር ስልኩ ያላችሁበትን የሚያሳይበት ነጥብ ብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል መገንጠያዎቹን በጽሑፍም ያዙ፦ «ትልቁ ሾላ፣ ወደ ግራ፣ 2፡40»።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለእግር ምቹ የሆነው ደረቅ ወቅት የሚጀምረው ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለቡናዎች ማሳቸውን ይጠብቃሉ፣ ቦርሳ ይዞ ከመንገድ የወጣ እንግዳ ቢጠረጠር አይፈረድም። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ወደ ቡናው አትግቡ፣ ቀይ ፍሬም አትንኩ። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ፣ ቡናው ያብባል፤ ሽታው ብቻ ሰው ይጠራላችኋል።

ጫማ ላይ አትደራደሩ። የጅማ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ልሙጥ ሶል ያለው ስኒከር ቁልቁለት ላይ ሰው ይጥላል። የጎማ ቦት ለጭቃ ጥሩ ቢሆንም በውስጡ እግር ስለሚንሸራተት ከሁለት ሰዓት በላይ ያቆስላል፤ የግድ ከሆነ ሁለት ካልሲ ይደረብበት። ጉዞው በተጀመረ በ20 ደቂቃ አንዴ ቁሙና ማሰሪያ አስተካክሉ። ተረከዙን «ሞቀኝ» ያለ ሰው ያኔውኑ ፕላስተር ይለጥፍ፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተር ብዙ አይረዳም። ቁልቁለቱን በጎን፣ በአጭር እርምጃ ውረዱ። የሱሪው ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ለመዥገርም ለገብረ ጉንዳንም ይጠቅማል። የገብረ ጉንዳን ሰልፍ ስታገኙ ቆማችሁ አታራግፉ፣ 20 እርምጃ ያህል ሮጣችሁ ከራቃችሁ በኋላ አንድ በአንድ ልቀሙ።

ቀፎ ባለበት ሽቶ የተቀባ ሰው፣ ጭስና ጫጫታ አይሁን። ንብ ከተነሣ ፊትን ሸፍኖ በቀጥታ መሮጥ ነው፣ እጅ ማወራጨት ያብሰዋል።

ወንዝ ሲያጋጥማችሁ፣ የሚፈስ ውሃ ከጉልበት ካለፈ አትሻገሩ። እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ እያመጣ ከሆነ ከላይ ዘንቧል፣ ገና ይሞላል ማለት ነው።

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ሙዝ፣ የዝናብ ላስቲክ፣ ባትሪ። ለቡድኑ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ኦአርኤስ (ሰውነት ውሃ ሲያጣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) እና ለሦስቱም መሪዎች ፊሽካ፤ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል። እባብ ከነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ ጥብቅ አድርጋችሁም አትሰሩ። ቀለበት አውልቁ፣ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ ሰውየውን ተሸክማችሁ አውጡት፣ በቀጥታም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። አምቡላንስ ደን ውስጥ ስለማይገባ ግን አስፋልቱ ላይ የሚጠብቅ መኪና ቀድማችሁ ያዙ።

ጉዞው እንዳለቀ፣ ሰው ሳይበተን፣ መጀመሪያ ደጀኑን ጠይቁት፦ ማን ደከመ፣ የት ተራራቃችሁ፣ በየመገንጠያው ስንት ሰዓት ደረሳችሁ። መልሱን ቅኝት በያዛችሁበት ደብተር ላይ ጻፉት፤ የሚቀጥለውን ወር መንገድ የምትመርጡት በእሱ ነው።